ለባክቴሪያ የተጻፈ የሰው ጂን

ሰሞኑን የሞለኪውላር ባዮሎጂን መሠረታዊ ትምህርት እንደገና ከሥሩ ጀምሬ እያነበብኩ ነው። ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፣ አርኤንኤው ደግሞ ራይቦሶም በተባለው የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ ላይ ተነብቦ ፕሮቲን ይሠራበታል የሚለውን ቅደም ተከተል ብዙዎቻችን ለፈተና ስንል በቃላችን ይዘነዋል። የዚህ ዕውቀት ትልቅነት ለእኔ ጎልቶ የታየኝ ግን የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ውስጥ እንዲመረት የተደረገበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ስከታተል ነው። የመግቢያ ትምህርቱ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እዚያ ሥራ ላይ ውሎ ይገኛል።

ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ድርብ ጥምዝ ቅርጽ በ1953 ይፋ ባደረጉ ጊዜ (የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ምስሎች ለዚህ ውጤት ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ስለሆነ ስሟ ከእነርሱ ጋር እኩል ሊነሣ ይገባል ብዬ አምናለሁ) ከዲኤንኤ አራት ፊደላት (የኬሚካል ክፍሎች) ኤ ከቲ፣ ጂ ደግሞ ከሲ ጋር እንደሚጣመር ታወቀ። አራቱ ፊደላት የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንዴት እንደሚያዝዙ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1961 ኒረንበርግና ማታይ፣ በአርኤንኤ ውስጥ የቲን ቦታ የሚይዘውን ዩራሲል የተባለ ፊደል ብቻ እየደጋገመ የሚሄድ አርኤንኤ አዘጋጅተው፣ ከተፈጩ ሕዋሳት በወጣና ፕሮቲን የመሥራት አቅሙ ባልጠፋ ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩት፤ ያገኙትም ፌኒልአላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ብቻ የተደረደረበት ሰንሰለት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ64ቱም ባለ ሦስት ፊደል ኮዶኖች ትርጉም ተለየ፤ 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፣ ሦስቱ «እዚህ ላይ አቁም» ይላሉ። ሰንጠረዡ ከጥቂት ልዩነቶች በስተቀር ለባክቴሪያም፣ ለተክልም፣ ለሰውም አንድ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እገረማለሁ፤ ባዮቴክኖሎጂ የቆመውም በዚህ አንድነት ላይ ነው።

አንድነቱ ብቻውን ግን ጂንን (አንድን ፕሮቲን የሚያዝዘውን የዲኤንኤ ክፍል) ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው አያሻግርም፤ መቁረጫና ማያያዣ ያስፈልጋል። ኢኮ አር ዋን የተባለው ኤንዛይም በዲኤንኤ ላይ ጂኤኤቲቲሲ የሚል ተከታታይ ሲያገኝ በጂ እና በኤ መካከል ይቆርጣል። በተቃራኒው ክርም ላይ እንዲሁ ስለሚያደርግ በሁለቱም ጫፎች ኤኤቲቲ የተባሉ አራት ፊደላት ያለ ጥንዳቸው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በዚሁ ኤንዛይም የተቆረጠ ሌላ ዲኤንኤ፣ ከየትኛውም ፍጡር ይምጣ፣ ጫፉ ከእነዚህ ጋር ይጣመራል፤ ሊጌዝ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ መጋጠሚያውን ይዘጋዋል። ኮኸንና ቦየር በ1973 በዚህ መንገድ የተቀጠለ ፕላዝሚድ (በባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ወደ ባክቴሪያ አስገብተው ከባክቴሪያው ጋር አብሮ ሲባዛ አሳዩ።

ከዚያ በፊት የስኳር ሕመምተኞች ይወስዱት የነበረው ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ቆሽት የሚወጣ ነበር። የአሳማው ከሰው ኢንሱሊን በአንድ አሚኖ አሲድ፣ የከብቱ በሦስት ይለያል። በ1978 የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ለማሠራት የተነሡት ተመራማሪዎች የሰውን ጂን እንዳለ ወስደው አላስገቡም። የሰው ጂን ኢንትሮን የሚባሉ፣ ከአርኤንኤው ላይ ተቆርጠው መውጣት ያለባቸው ክፍሎች አሉት፤ ባክቴሪያ ደግሞ እነዚህን ቆርጦ የሚያወጣበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ የኢንሱሊንን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ይዘው፣ በኮዶን ሰንጠረዡ እየተመሩ፣ ጂኑን በኬሚካል መንገድ ራሳቸው ጻፉት።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ኢንሱሊን 21 እና 30 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሁለት ሰንሰለቶች አሉት፤ እንዲህ ያሉትን አጫጭር ሰንሰለቶች ደግሞ ባክቴሪያ ቶሎ ይሰባብራቸዋል። ተመራማሪዎቹም ለየሰንሰለቱ የጻፉትን ጂን ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ከተባለው ትልቅ የባክቴሪያ ፕሮቲን ጂን ጋር ቀጠሉት፤ በመጋጠሚያው ላይ ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚጠራ አንድ ኮዶን አስገቡ። ሳያኖጅን ብሮማይድ የተባለው ኬሚካል ፕሮቲንን የሚቆርጠው ሜቲዮኒን ካለበት ቦታ ቀጥሎ ነው፤ በኢንሱሊን ሰንሰለቶች ውስጥ ደግሞ አንድም ሜቲዮኒን የለም። በመሆኑም ኬሚካሉ ትልቁን ፕሮቲን ሲቆራርጥ ኢንሱሊኑ ሳይነካ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ ሰንሰለቶች ተገናኝተው በሰልፈር ትስስር ተያያዙ። አንድ አሚኖ አሲድ የሌለ መሆኑን ማወቅ መድኃኒት ለመሥራት ይህን ያህል ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቅደም ተከተልን በጥንቃቄ ማወቅ አሰልቺ ዝርዝር ነው ለሚሉ ተማሪዎች፣ ዕድሉ ቢኖረኝ በመጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው።

የዚህ ሥራ ውጤት በ1982 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለሕመምተኞች ቀረበ፤ ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው በተቀጠለ ዲኤንኤ ተሠርቶ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው መድኃኒት እርሱ ነው። ዛሬ ኢንሱሊን በእርሾም ይመረታል።

ጂኑ በሰው እጅ የሚጻፍ ከሆነ በኋላ ደግሞ ሊታረምም ቻለ። የኢንሱሊን ሞለኪውሎች በብልቃጥ ውስጥ ስድስት ስድስት ሆነው የመሰብሰብ ጠባይ አላቸው፤ ከቆዳ ሥር ከተወጉ በኋላ ወደ ደም የሚገቡት ቀስ በቀስ ከተለያዩ ወዲያ ነው። በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ሊስፕሮ የተባለው ኢንሱሊን በረጅሙ ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ላይ ያሉት ፕሮሊንና ላይሲን ቦታ እንዲለዋወጡ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስብስቡ ይላላል፣ መድኃኒቱም ፈጥኖ ይሠራል። በቀድሞው ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መወጋት የነበረበት ሕመምተኛ፣ በዚህኛው ሊበላ ሲል መወጋት ይችላል። እንዲህ ያለ ኢንሱሊን በየትኛውም እንስሳ ቆሽት ውስጥ የለም።