ቶሪ ደሴት፦ ባሕሩ ሲፈቅድ የሚደረስባት

ከጀልባዋ ወርጄ ወደቡን እንደረገጥኩ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ከአንድ ወጥ ድንጋይ በተጠረበ መስቀል ላይ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ከአግድሙ በላይ የሚወጣ ራስ ስለሌለው በማኅሌት ቆመን የምንደገፈውን መቋሚያ ይመስላል። ጎኑን በእጄ ስዳብሰው የባሕር ነፋስ ለብዙ መቶ ዓመታት ያለሰለሰው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቴ ላይም ጨዋማ እርጥበት ቀረ። በአየርላንድ ምድር እንዲህ ያለ ቅርጽ ያላቸው ጥንታዊ መስቀሎች ሁለት ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። ቅርጹ ከግብፃዊው አባ እንጦንስ ስም ጋር የተያያዘ በመሆኑም፣ የደሴቲቱ መነኮሳት ከግብፅ ገዳማት ጋር ለነበራቸው ግንኙነት ምልክት ነው የሚሉ አሉ።

ቶሪ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ካለው ከዶኒጎል ግዛት ጠረፍ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ዛፍ የማይበቅልባት ደሴት ናት። ከ200 የሚያንሱት ነዋሪዎቿ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሚነጋገሩት በአየርላንድ ጌሊክኛ ነው። ዳብሊን ስኖር ይህን ቋንቋ የማውቀው ከመንገድ ምልክቶች ላይ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲገበያይበት፣ ልጅ ሲቆጣበት፣ ሲሳሳቅበት መስማት ፈልጌ ነው በሰኔ ወር ጉዞውን የጀመርኩት።

ከሌላ የአውሮፓ አገር ለሚመጡ ወገኖቼ አስቀድሜ ላሳስባቸው የምፈልገው ነገር አለ። አየርላንድ በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን ለመጎብኘት የሚያስችለው የሸንገን ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ቢኖረውም የአየርላንድን ቪዛ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ከዚህም በላይ፣ ከዳብሊን በዶኒጎል ወዳለችው ከተማ ወደ ሌተርኬኒ በቀጥታ የሚሄደው አውቶቡስ በብሪታንያ ሥር ባለችው በሰሜን አየርላንድ በኩል ያልፋል። ድንበሩ ላይ ኬላ ባይኖርም ሕጉ ግን አለና፣ የብሪታንያ ቪዛ የሌለው ሰው እንደ እኔ እስከ ስላይጎ በባቡር፣ ከዚያ እስከ ሌተርኬኒ በአውቶቡስ ቢሄድ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ምድር ሳይወጣ ይደርሳል። ከሌተርኬኒ ወደ ጎርታሆርክ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጀልባው ወደሚነሣበት ወደ ማሄሮርቲ ወደብ በታክሲ ሄድኩ።

ባሕሩን መሻገር 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ይህ ግን ባሕሩ ሲፈቅድ ነው። እኔ በደረስኩበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ጀልባው ይቀራል ብዬ አላሰብኩም፤ ነገር ግን ማዕበሉ ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ ጉዞው ተሰረዘ። ደሴቲቱ ላይ የከፈልኩበት አንድ ሌሊት ባክኖ ከወደቡ አቅራቢያ አደርኩ። ስለዚህ መመለሻውን ከአውሮፕላን በረራ ጋር በአንድ ቀን ማገናኘት አይገባም፤ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን መተው፣ ጠዋትም ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማዕበል ደሴቲቱን ለሁለት ወር ያህል ከዋናው ምድር ለይቷት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ጠቅልለው ለመውጣት ማመልከቻ አስገቡ። ነዋሪዎቹ በቀያቸው የቀሩት ለመብራት፣ ለውኃና ለመደበኛ ጀልባ ብዙ ከታገሉ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ አብረዋቸው የቆሙትን ዲርሙድ ኦ ፔኪን የተባሉትን ኢየሱሳዊ ካህን የማይረሷቸውም ለዚህ ነው።

ሰላምታቸውን ሳይማር የሚሄድ ሰው ብዙ ይቀርበታል። «ዲያ ዲት» ሲሉ «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» ማለታቸው ሲሆን፣ መልሱ «ዲያ ስ ሙሬ ዲት»፣ ማለትም «እግዚአብሔርና ማርያም ከአንተ ጋር ይሁኑ» ነው። በሱቁ በራፍ ላይ መልሱን ተንተባትቤ ስመልስ፣ ዳቦ የያዙ አንድ አዛውንት ቆም ብለው እንደገና አስባሉኝ፤ ድምፁን እስካስተካክል ድረስም አልለቀቁኝም። ለምስጋና የሚሉት «ጉ ሮ ማይ አጋት» ደግሞ «መልካም ነገር ይኑርህ» እንደማለት ነው። ሁሉም እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ በቋንቋቸው ለሞከረ እንግዳ ግን ፊታቸው ይፈታል።

በምዕራቡ መንደር ከባሕር ዳር በተለቀሙ ክብ ድንጋዮች የተሠራ፣ ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ የደወል ግንብ ቆሟል። ግንቡ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ኮልም ኪል መሠረተው የሚባለው ገዳም ቅሪት ነው፤ የቅዱሱ ስም ትርጓሜ «የቤተ ክርስቲያን ርግብ» ማለት ሲሆን፣ መታሰቢያው በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 9 ቀን ይውላል። ገዳሙ በ1595 በእንግሊዝ ወታደሮች ተዘርፎ ጠፋ። ወደ ምሥራቁ ጫፍ ስሄድ ገደሉ ላይ ቀይ ምንቃር ያላቸው የባሕር ወፎች ሰፍረው አገኘሁ፤ በአፈ ታሪክ ባለ አንድ ዓይኑ ባሎር ምሽጉን የሠራው እዚያ ነው ይባላል። የደሴቲቱ ሥዕል ታሪክም ደስ ይላል፦ ጄምስ ዲክሰን የተባሉት ዓሣ አጥማጅ በስተርጅና ሥዕል ሲጀምሩ፣ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴሪክ ሂል ቀለም ቢልኩላቸው ተቀበሉ፤ ብሩሹን ግን ከአህያቸው ፀጉር ራሳቸው ሠሩ። ቶሪ በልማድ «ንጉሥ» ትሰይም ነበር፤ እንግዶችን ወደብ ድረስ ወርደው ይቀበሉ የነበሩት ፓትሲ ዳን ሮጀርስ በ2018 አርፈዋል።

ማረፊያው ጥቂት ስለሆነ በአውሮፓ በጋ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ጥሬ ዩሮ፣ ውኃ የማያስገባ ካፖርትና ጠንካራ ጫማ መያዝ ይገባል፤ ከነፋስ የሚከልል አንድም ዛፍ የለም። የሰኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ ሽሮ ይዤ ሄጃለሁ፤ ያሳደሩኝ እመቤትም ድስታቸውን ሳያቅማሙ ሰጡኝ።

ጠዋት ደርሶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ማንንም ሰው ሳያድር እንዲመለስ አልመክርም። ፀሐይ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጠልቃ መንደሩ ጸጥ ሲል፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍር ሲፋቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሁለት ሁለቴ እየተደጋገመ ሲመጣ ሰማሁ። ኮርንክሬክ የምትባለው፣ የአውሮፓን ቀዝቃዛ ወራት ከሰሐራ በስተ ደቡብ በእኛው አፍሪካ አሳልፋ ለመራባት ወደዚህ የምትመለሰው ወፍ ናት። ከብዙው የአየርላንድ ምድር በማሽን አጨዳ ምክንያት ጠፍታለች። ጠዋት ለእመቤቲቱ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እንቅልፍ ትነሣናለች፤ ግን ካልመጣች እንጨነቃለን» አሉኝና፣ ለመደበቂያዋ ብለው ሳይነኩ የተዉትን ሳማ የወረረ የማሳ ጥግ በመስኮቱ አሳዩኝ።