ለጣሊያን ነበር እንዴ የሚነዳው?

ሰሞኑን ማታ ማታ የማየው የጦርነት ፊልም ብቻ ሆኗል፤ ያውም ታሪኩን ገልብጦ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ዓይነት። የድሬ ሙቀት እንደሆነ በጊዜ አያስተኛ።

ብዙ የተወራለት የታራንቲኖው «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው። ሂትለርን ፓሪስ ሲኒማ ቤት ውስጥ በጥይት ያስደበድበዋል። እውነተኛው ሂትለር በ1945 በርሊን ምሽጉ ውስጥ ራሱን ነው ያጠፋው። አየሁት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ተኛሁ። በቃ።

አልለቀቅ ያለኝ ሌላው ነው፤ «ኢት ሃፕንድ ሂር» የሚባል እ.ኤ.አ. የ1964 ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ፊልም። ኬቪን ብራውንሎ እና አንድሩ ሞሎ ሲጀምሩት አንዱ 18፣ ሌላው 16 ዓመቱ ነበር፤ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው። በፊልሙ ናዚ እንግሊዝን ይዟል። ባለታሪኳ ነርስ ናት፤ «ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» ባይ። ሥራ ለማግኘት የፋሺስቶቹ ድርጅት ውስጥ መግባት ግድ ሲሆንባት ገባች፣ ዩኒፎርሙንም ለበሰች። በኋላ የተመደበችበት የገጠር ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን የጉልበት ሠራተኞች በመርፌ እንደሚገድል ገባት፤ የወጋቻቸው ደግሞ እሷው ነች። መጨረሻውም አያሳርፍም፦ ነጻ አውጪ የተባሉት እጅ የሰጡትን ሰብስበው ይረሽናሉ።

እንግሊዞቹ «ተራ ሰው አገሩ ሲወረር ምን ያደርጋል?» ብለው ለመጠየቅ ወረራ መፍጠር ነበረባቸው። እኛ ግን የምር ተወረናል፤ ድሬዳዋ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ነበረች።

በኛ ሰፈር በርጫ ላይ «ቢሆን ኖሮ» ከተነሳ ግን ወሬው ጃንሆይ ናቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው፣ በዚሁ በድሬ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፉ። «አቦ፣ እዚህ ወርደው ቢዋጉ ኖሮ!» ይላል አንዱ። «ስዊዝ ቦይ ቢዘጋበት ኖሮ» ይላል ሌላው። ይኼኛው እንኳ ያስኬዳል፤ ማዕቀብ ተጣለ በተባለ ጊዜም ቦዩ ለጣሊያን መርከብ ክፍት ነበር፣ ነዳጅም አልተከለከለም። ብቻ ሁሉም የትልልቅ ሰው «ቢሆን ኖሮ» ነው። ተራው ሰው በዚያ አምስት ዓመት ምን ሲሠራ ነበር? በወሬያችን ከሄድን ሁሉም ጫካ ነበረ።

በኛ ቤት የአያቴ ወንድም ይነሳል። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ በደንገጎ ዳገት ጭነት ወደ ሐረር ያመላልስ ነበር። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ እንደሚሮጥ፣ መኪናው ወደኋላ ሊል ሲል ጎማው ሥር እንደሚወሽቅ፣ አንዴ ጣቱ እንደተጨፈለቀ ስሰማ ነው ያደግኩት። የረዳቱን ጣት እንኳ ያልረሳ ቤተሰብ ጭነቱ የማን እንደነበር አንስቶ አያውቅም።

ትናንት እናቴን ጠየቅኳት። «እማ፣ ለጣሊያን ነበር እንዴ የሚነዳው?»

ጀበናውን ሳታስቀምጥ፣ «ነድቶ ልጆቹን አበላ። ምን ያድርግ ታዲያ?» አለችኝ። ቆጣ ብላለች።

የነርሷም መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰውየውን ባንዳ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ የጫነው ዱቄት ይሁን ጥይት ሳላውቅ ነጻ ልለውም አልችልም።

እንዲህ ያለ ፊልም እዚህ ከተሠራ፣ አርበኛውን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ባለታሪኩን ሹፌር አድርጉት። ደንገጎ ላይ መኪናው ቆሞ ሸራውን ገለጥ አድርጎ የሚያይበት ትዕይንት ይኑረው። ምን እንዳየ እኔ አልጽፍም፤ ፊልሙን እናቴም ታየዋለች።