‹አዋሳ› ተብሎ የተጻፈውን ‹ሀዋሳ› ብለን ስንፈልግ

የምሠራው ሀዋሳ ባለ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ነው። ከውጭ ለሚያየን ሥራችን ብሎኬትና ብረት ነው። ከውስጥ ግን ግማሹ ደብዳቤ ነው። ለአማካሪው ደብዳቤ፣ ለአሠሪው ደብዳቤ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ የዋስትና ወረቀት። አንዱ ሲጠፋ ገንዘብ ይጠፋል።

አንድ ቀን የጊዜ ማራዘሚያ የጠየቅንበት ደብዳቤ ተፈለገ። መላካችንን ሁላችንም እናውቃለን። የተፈለገው ግን አማካሪው የገቢ ማህተም የመታበት ቀሪ ኮፒ ነው። አራት ቀን ተፈለገ። መደርደሪያ ተራገፈ፣ ካርቶን ተገለበጠ። በመጨረሻ የተገኘው የሌላ ፕሮጀክት ቦክስ ፋይል ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን «የሰነድ ሶፍትዌር ይገዛ» አሉ። የአይቲ ባለሙያው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ሶፍትዌሩን ጫንኩ፣ የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጠሁ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም በሲስተም» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለት ወጣቶች ተቀጥረው የድሮውን ፋይል ሁሉ ስካን ማድረግ ጀመሩ። ፋይሎቹ «ስካን 1»፣ «ስካን 2» እየተባሉ ተከመሩ። ማንም ምንም አያገኝም። ሰዉ ደብዳቤ ሲፈልግ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላላካል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሲስተሙን የምከፍተው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ «ስካኑን ላቁመውና ሁለት ወር ይስጡኝ» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። ኮምፒውተሬን ትቼ መዝገብ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ።

የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከእሳቸው ጋር ሆኜ አንድ ገቢ ደብዳቤ ከጥበቃው እጅ ጀምሮ ተከተልኩ። ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ተሰጠው፣ ጸሐፊዋ ጋ ሄደ፣ ሥራ አስኪያጁ ኅዳጉ ላይ «ለቢሮ ምህንድስና፣ ታይቶ መልስ ይዘጋጅ» ብለው መሩት። ከዚያ ሦስት ቦታ ኮፒ ተደረገ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ደብዳቤው ሳይሆን ኅዳጉ ላይ ያለችው ምሪት ናት። የገዛነው ሶፍትዌር ደግሞ ለምሪት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ያስጨመርኩት እሱን ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ከእትዬ ደብተር ነው። ባለ ሰማያዊ ሽፋን፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ደብተር ነው። ከመዝገብ ቁጥሩ አጠገብ በእጃቸው የጻፉት ነገር አለ፦ «የአጥሩ ጉዳይ»፣ «የተሰነጠቀው ግድግዳ»፣ «የሲሚንቶው ጭቅጭቅ»። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ በቁጥር የሚጠይቀኝ ሰው አለ እንዴ? ሰዉ የሚጠይቀኝ እንዲህ ብሎ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የደብዳቤው ርዕስ «ተጨማሪ ሥራን ይመለከታል» ይላል፤ እንደዚያ የሚል ደብዳቤ ደግሞ እልፍ ነው። ስለዚህ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ሰዎች የሚጠሩት» የሚል ሳጥን አስገባሁ። ከሠራሁት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመ የለም።

ከዚያ የፊደሉ ጉዳይ መጣ። ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ› ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ‹ሰ› እና ‹ሠ›፣ ‹አ› እና ‹ዐ›፣ ‹ጸ› እና ‹ፀ› እንደዚያው። ኃይሉን «ሀይሉ» ብለህ ብትፈልገው የለም ይልሃል። የከተማችን ስም ራሱ አንዱ ደብዳቤ ላይ ‹አዋሳ›፣ ሌላው ላይ ‹ሀዋሳ›፣ ሌላው ላይ ‹ሐዋሳ› ነው። ሶፍትዌሩን የሚደግፈው ልጅ ፍለጋው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር አደረገ፣ ዋናውን ጽሑፍ ሳይነካ። ለ‹አዋሳ› ግን ይህ አይበቃም፤ ‹አ› እና ‹ሀ› ሞክሼ አይደሉምና። ለእንደዚህ ዓይነቶቹ የተለየ ዝርዝር ሠራን። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ በሲዳምኛ የሚመጣ ደብዳቤም አለ፤ እሱ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። የክልል መሥሪያ ቤት ስም የያዘ ዝርዝራችንም የድሮውንና የአሁኑን ስም ጎን ለጎን አስቀመጠ።

ቀኑም አስቸግሮናል። ጳጉሜ 3 የተጻፈ ደብዳቤ ስናስገባ ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ወር የለም» አለን። የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። አሁን እያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ቀን ይጻፍበታል፣ የእኛም የፈረንጁም።

የድሮ ዎርድ ፋይሎችም ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ሲጻፍ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነው የሚታየው። ፎንቱ ያለበትን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልገን ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀየርናቸው። ይህን ኮምፒውተር «አሮጌ ነው» ብለን ሸጠነው ቢሆን ኖሮ አለቀልን።

ሁለተኛው ጅማሮ ትንሽ ነበር። አንድ አዲስ ፕሮጀክት፣ ገቢ ደብዳቤ ብቻ። የድሮውን መዝገብ በሙሉ ስካን ማድረግ ተውን፤ አንድ የድሮ ፋይል ሲፈለግ ያኔ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ይደረግና ይመዘገባል። በተግባር አብዛኛው ወረቀት ጠያቂ የለውም።

ነገሩን የቀየረው የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ ነው። አንድ ጠዋት አንጋፋው መሐንዲስ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ገባ። «ሲስተም ላይ አይቼ መርቼልሃለሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱለት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ጋ ደረሰ። ከዚያ ሳምንት በኋላ እኔ የማደርገው ብዙ ቅስቀሳ አልነበረም።

ጥፋትም አጥፍቻለሁ። የሰው ሀብት ክፍልን ስናስገባ ፈቃዱን በትክክል አልዘጋሁትም፤ አንድ ሠራተኛ የሌላውን የግል ማህደር ከፍቶ አየ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጋሁት፣ ሄጄም ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቅሁት። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ ብቻ አይደለም። ሰው ደመወዙንና የሕክምና ወረቀቱን አምኖ ነው የሚሰጥህ። አሁን አዲስ ፎልደር ሲከፈት መጀመሪያ ለሁሉም ዝግ ነው፤ ከዚያ ለሚገባው ይከፈታል።

ኦሪጅናል ወረቀት አልጣልንም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ክርክር ሲነሳ ግን ዛሬም የምንጠየቀው ማህተም ያለበትን ወረቀት ነው። ሲስተሙ የትኛው ቦክስ ፋይል ውስጥ እንዳለ ይናገራል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ሰርቨሩን በሥርዓት እስክናጠፋው ያቆይልናል። ባክአፑም ከቢሮው ውጭ ነው የሚያድረው።

ባለፈው ሳምንት የሳይት መሐንዲሱ ደወለ። «ያ የተሰነጠቀው ግድግዳ ደብዳቤ» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ላኩለት።

እትዬ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ሰማያዊ ደብተራቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እያስገባን ነው። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። 2004 ላይ ደርሰናል።