በዓል ለሚከብዳችሁ

እንኳን አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ!

የበዓል መልእክት አጭር ሲሆን ያምራል። የእኔ ዘንድሮም ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ። ለሞቀ ቤት መልካም ምኞት የሚልክ ሰው ሞልቷል። እኔ ዛሬ የምጽፈው በዓል ሲደርስ ሆዳቸው ለሚባባ፣ «ቤተሰብ ጋ አትሄዱም እንዴ?» ሲባሉ ወሬ ለሚቀይሩ ነው።

እኔም ወሬ ስቀይር ነው የኖርኩት። የቆያችሁ ተከታታዮቼ ታውቁታላችሁ፣ እናቴ በልጅነቴ ጥላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያሳደጉኝ ሰዎች ደግሞ ለዱላ የሚቸኩሉ ነበሩ። ዝርዝሩን በበዓል ቀን አላነሳውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የውጭው በር ቁልፍ ሲዞር፣ የመጣው ሰው እንዴት እንደዋለ በድምፁ አውቅ ነበር። ቁልፉ አንዴ ገብቶ ከዞረ ሰላም ነው። ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ከፋቀ፣ ደብተሬን ሰብስቤ አልጋ ሥር ነኝ። ዛሬ የራሴ ቤት፣ የራሴ ቁልፍ አለኝ። ግን አሁንም ሰው በር ሲከፍት ወሬዬን አቋርጣለሁ። ጓደኞቼ ለምደውታል፤ ዝም ብለው እስክቀጥል ይጠብቁኛል።

ሰው ይህን «ያለፈ ነገር ማብሰልሰል» ይለዋል። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በልጅነት የደረሰው ጥቃትና የቤት ውስጥ መከራ በተደራረበ ቁጥር፣ ሰው ካደገ በኋላ ለድብርትና ለሱስ፣ ለልብ ሕመም ሳይቀር የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ለካ የማይረሳው ጭንቅላት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ይህን አንብባችሁ «አለቀልኝ» እንዳትሉ። ኤሚ ቨርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሃዋይዋ የካዋይ ደሴት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ ሕፃናትን ለዐሥርተ ዓመታት ከተከታተሉት አንዷ ነበረች። ድህነትና የቤት ውስጥ ችግር ተደራርቦባቸው ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ራሳቸውን የቻሉ፣ ለሰው የሚያስቡ አዋቂዎች ሆኑ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከጎናቸው የማይጠፋ አንድ ሰው ነው። ወላጅ መሆን የለበትም። አያት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

የእኔ አስተማሪ ነበረች። ከእሷ በፊት ለአንዲት ዘመድ ነግሬ «የቤት ገመና አደባባይ አታውጪ» ተብያለሁ። አስተማሪዬ በዚያ ሙቀት እጅጌ ረጅም ሹራብ አለማውለቄን አየች። ክፍል ውስጥ፣ ልጆች ፊት አልጠየቀችኝም። ደብተር ተሸክሜ እንድከተላት አዘዘችኝ። ቢሮዋ ስንገባ ወንበር ስባ ሰጠችኝና እሷም ተቀመጠች። ነገርኳት። «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለችኝ። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብዬ ስለምናት ግን እሺ አላለችም። «እሱን ቃል አልገባልሽም። ለማን እንደምናገር ግን ቀድሜ እነግርሻለሁ» አለች። ያኔ ተናድጄባት ነበር። ዛሬ የሕፃናት መብት ተሟጋች ሆኜ ሳየው፣ ከዚያ የተሻለ መልስ የለም።

ሥራውን ካነሳሁ አይቀር፣ የሕፃናት መብት ተሟጋች ሲባል መድረክና ማይክ የሚታያችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አብዛኛው ቀኔ የሚያልቀው ወንበር ላይ በመጠበቅ ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ከአንድ ልጅ ጎን እቀመጣለሁ። ልጁ ያንኑ ታሪክ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እንዳይደግም እከራከራለሁ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ስልኬ ውስጥ አለ። አንቀጽ 19 ልጆች ከአካልና ከአእምሮ ጥቃት፣ ከቸልተኝነትም ጭምር እንዲጠበቁ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠትና የመደመጥ መብት አለው ይላል። «ልጅ ምን ያውቃል?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አውጥቼ አነብለታለሁ። አንዳንዱ ይበሳጫል። ይበሳጭ።

ደግሞ ቁስሉን ወደ ሥራ መቀየር የሁሉም ግዴታ አይደለም። «አንቺ እንዲህ ሆነሻል፣ እኔ ግን...» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። ተረጋግቶ መተኛት፣ ልጅን ሳይመቱ ማሳደግ፣ የሰው እጅ ሲነሳ አለመደንገጥ፣ እሱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በዓል በመጣ ቁጥር «ይቅር በያቸው፣ የሥጋ ዘመድ አይደሉ እንዴ?» የሚለኝም አይጠፋም። ይቅርታ በበዓል ሰበብ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት መዋጮ አይደለም። የምትሰጡትም የምትከለክሉትም እናንተ ናችሁ። ይቅር ብሎም ደጃቸውን አለመርገጥ ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነኝ፣ ደህናም ነኝ።

ሰብሰብ ብላችሁ ለምታከብሩት ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። አንድ ልጅ አንዱን ዘመድ «ሰላም አልልም» ካለ አታስገድዱት። ዓይን አፋር ይሆናል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ሰዉ ሲበተን ለብቻው ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ከነገራችሁ አትደንግጡበት፣ እንደ መርማሪም አታፋጥጡት። እንደምታምኑት ንገሩት፣ ከዚያ የሚረዳ ባለሙያ ፈልጉ።

ብቻችሁን የምትውሉ፣ መልእክት ላኩልኝ። «እንዴት ዋልሽ?» ብቻ ብትሉም ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።

መልካም በዓል!