በእጅ የተሸመነ ፕሮግራም

ዛሬ እረፍት ነበርኩ። ሰውን ጨረቃ ላይ ስላሳረፈው የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒውተር ሳነብና ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያዎች ቤተ ሙከራ ኮምፒውተሩን የመሥራት ኃላፊነት የተረከበው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር። እነሱ ግን 32 ኪሎ ገደማ አደረሱት። ያውም ገና አዲስ በነበረው አይሲ (ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በያዘ ትንሽ ቺፕ) ተማምነው! ትልቅ ድፍረት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ ነው። የተጻፈውን ፕሮግራም ሜሞሪው ውስጥ በእጃቸው የሚሸምኑት በማሳቹሴትስ፣ ዋልታም በሚገኘው የሬይቲዮን ፋብሪካ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ቀጭን ሽቦ በመርፌ ይዘው በጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች መሃል ያሳልፋሉ። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ በውጭ ከዞረ 0፤ ፕሮግራሙ የሚጻፈው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። አንድ ሽቦ ቦታውን ከሳተ ፕሮግራሙ ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህም ነው ሶፍትዌሩ ከበረራው ወራት ቀድሞ ማለቅ የነበረበት።

ጁላይ 20 ቀን 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ሲል 1202 የሚል ማንቂያ መጣ። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ነበር። የማያስቸኩለውን ትቶ ዋናውን ይዞ ቀጠለ። ሥራን በቅደም ተከተል የሚመርጠውን ያንን አሠራር የነደፈው የቤተ ሙከራው ባለሙያ ሃል ላኒንግ ነው።

አርምስትሮንግን የማያውቅ የለም። ላኒንግንስ? የሴቶቹን ስምማ ጭራሽ አናውቅም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ።