ፊርማ የሌለው ብርጭቆ

ፔንሲልቬንያ ወዳለው ጥንታዊ ዕቃ ሱቃችን ስድስት ባለእግር ብርጭቆዎች መጡ፤ ንድፋቸው ቤልፍላወር የሚባለው፣ ደወል የመሰለ አበባና ቅጠል ያለው ባለነጠላ ሐረግ። ያመጣቸው ነጋዴ ታጉን፣ ማለትም የሚንጠለጠለውን መግለጫ ወረቀት፣ ራሱ ጽፎ ጨርሷል፦ «ቦስተን ኤንድ ሳንድዊች፣ 1850»። ይህ ስመ ጥር የማሳቹሴትስ ብርጭቆ ፋብሪካ ነበር፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነበር።

ዕድሜያቸው አላከራከረም። ጠርዛቸው በጥፍር ሲነካ ድምፁ ይረዝማል። ድምፅ ብቻውን ግን አይታመንም፤ አፉ የሰፋ ስስ ብርጭቆ በቅንብሩ ውስጥ የእርሳስ ማዕድን (ሊድ) ባይኖረውም ይጮኻል። ስለዚህ የዓይን መከላከያ አድርገን በአጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም በ254 ናኖሜትር፣ አየናቸው፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበሩ። እርሳስ አለባቸው። ዊልያም ሌይተን በ1864 ዊሊንግ ውስጥ ርካሹን የሶዳና የኖራ ቅንብር ካወጣ በኋላ አብዛኛው ፋብሪካ እርሳሱን ትቷል። የግርጌያቸው ጭረትም በአጉሊ መነጽር ሲታይ በየአቅጣጫው የተበተነ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ቢፈገፈግ ኖሮ መስመር ይዞ ይታይ ነበር።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። አራቱ እግራቸው መሀል ላይ እብጠት አለው፣ የሁለቱ ደግሞ ልሙጥ ነው። ብርጭቆዎቹ የወጡባቸው የብረት ቅርጾች ቢያንስ ሁለት ነበሩ ማለት ነው፤ በአንድ ታግ ሥር እንደ አንድ ስብስብ ሊሸጡ አይገባም።

«ሳንድዊች መሆኑን በምን አወቅህ?» ተባለ ነጋዴው።

«የፋብሪካው ቦታ ሲቆፈር የዚህ ንድፍ ስብርባሪ ተገኝቷል።»

ይህ መልስ ገበያው ውስጥ ስንት ጊዜ ይሰማል! ፋብሪካዎች የሌላውን ሰባራ ብርጭቆ እየገዙ ከአዲሱ ጥሬ ዕቃ ጋር ይጨምሩ ነበር፤ ቅልጡን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከመሬት የወጣ ስብርባሪ እዚያ መሠራቱን ብቻውን አያረጋግጥም። የፒትስበርጉ ፋብሪካ ማኪ ብራዘርስ ግን ይህንኑ ንድፍ «አር.ኤል.» ብሎ በ1868 ካታሎጉ አትሞታል። ካታሎጉ ተከፍቶ ፊቱ ተቀመጠ።

ረዥም ጊዜ አየውና፣ «ማኪ ብለህ ብትጽፍ ማን በዚህ ዋጋ ይገዛል?» አለ።

የሚያስቆጨው ይሄ ነው። ስዕሉን አልተከራከረም፤ ክርክሩ ከዋጋው ጋር ነበር። የፒትስበርግ ሠራተኞች ያን የመሰለ ጥርት ያለ ቅጠል አውጥተው፣ ገዢ የለመደው ስም የእነሱ ስላልሆነ ብቻ ሥራቸው ለሌላ ይሰጣል።

እኛ ያቀረብነው ታግ፦ «አሜሪካ፣ 1850ዎቹ–1860ዎቹ፣ እርሳስ ያለበት፣ ቤልፍላወር፤ ማኪ ይህን ንድፍ ሠርቷል፤ የእነዚህ ሠሪ አልተረጋገጠም»። ነጋዴው እምቢ ብሎ ስድስቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። ካታሎግ ያልመሰከረለትን ስም ዛሬም ታግ ላይ አንጽፍም።