የእማማ ፊርማ

የምሠራው ሲያትል አካባቢ ባለ አንድ የማኅበረሰብ ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራችን ባጭሩ ፎርም መሙላት ነው። የቤት ኪራይ ድጋፍ፣ ሜዲኬር፣ ሲቲዝንሺፕ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ የምርጫ ፖስታ ይዘው የሚመጡት ይበዛሉ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ልጆቻቸው ወይ ሥራ ላይ ናቸው፣ ወይ ሌላ ስቴት ነው የሚኖሩት።

ይህ የሆነው በ2024 ክረምት ነው። የዋሽንግተን ስቴት ፕራይመሪ ምርጫ፣ ማለትም ከኖቬምበሩ በፊት ያለው የማጣሪያ ዙር፣ ኦገስት 6 ቀን ነበር።

ባለታሪኳን እማማ እላቸዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። ወደ ሰባ ይጠጋሉ። ዜግነታቸውን ያገኙት ከዓመት በፊት ነበር። ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሳምንቱ ቢሮ መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡና "በይ አሁን መዝግቢኝ፣ እኔም ልምረጥ" አሉኝ። ኦንላይን መዘገብኳቸው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እዚህ ስቴት መንጃ ፈቃድ ወይም ስቴት አይዲ (የስቴቱ መታወቂያ) ያለው ዜጋ በኢንተርኔት መመዝገብ ይችላል። የአይዲው ቁጥር ይገባል፣ አድራሻ ይሞላል፣ ዜግነትና ዕድሜ ይረጋገጣል፣ አለቀ። እዚያ ላይ ማንም ፈርም አይልም። ፊርማው የሚወሰደው አይዲው ሲወጣ ከተፈረመው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እዚህ ስቴት መመዝገብም መምረጥም አይችልም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ሠራተኛው "ለምርጫ ልመዝግብህ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በደንብ ሳይገባን "የስ" የምንል ብዙ ነን። ዜጋ ላልሆነ ሰው መልሱ "ኖ" ነው። ዜግነት ስታመለክቱ ስለዚህ ጉዳይ ትጠየቃላችሁ፤ መዘዙ ከአገር እስከ መባረር ይደርሳል። ስለዚህ ቢሮአችን ለምዝገባ የሚመጣን ሰው ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ወደ እማማ ልመለስ።

ዋሽንግተን ውስጥ ምርጫ በፖስታ ነው። የድምፅ መስጫው ከምርጫው ቀን ቢያንስ 18 ቀን ቀድሞ ቤት ድረስ ይላካል። ቤትህ ቁጭ ብለህ የምትመርጠው ሰው ስም ጎን ያለውን ምልክት ታጠቁራለህ፣ ፖስታው ውስጥ ትከታለህ፣ ከፖስታው ጀርባ ትፈርማለህ፣ ቀን ትጽፋለህ። ቴምብር አያስፈልገውም። በፖስታ ቤት ከላክኸው የምርጫው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ማኅተም ሊመታበት ይገባል። መንገድ ዳር በቆሙት የምርጫ ሳጥኖች ከከተትኸው ደግሞ እስከ ምርጫው ቀን ከምሽቱ 8 ሰዓት ድረስ ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ማለት ነው። ለትልልቅ ሰዎች ሁለቱንም ሰዓት ነው የምነግራቸው። አንድ አባት "ገና ስድስት ሰዓት ይቀረኛል" ብለው ተረጋግተው ቁጭ ሲሉ አይቻለሁና።

እማማ በጁላይ መጨረሻ ፖስታቸውን ይዘው መጡ። የወንበሩን ዓይነትና ተወዳዳሪዎቹን እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። ከዚያ ዞር አልኩላቸው። ማንን እንዳጠቆሩ አላየሁም፤ ማየትም የለብኝም። ወረቀቱን ራሳቸው አጥፈው ከተቱ። ቀረ ፊርማው።

"በአማርኛ ልፈርም?" አሉኝ እስክሪብቶውን እንደያዙ።

"አይ እማማ፣ በእንግሊዝኛ ይሻላል። እንዳይጥሉብዎት" አልኳቸው።

ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "አንቺ ካልሽ" አሉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ስማቸውን በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አጠገባቸው አድርገው፣ አንድ ፊደል አይተው አንድ ፊደል እየጻፉ፣ ሰባቱን ፊደላት ጨረሱ። እስክሪብቶው ፖስታውን እስኪጎዳው ድረስ ነበር የሚጫኑት። ሲጨርሱ እጃቸውን አፍታቱ። እኔ "ጎበዝ!" ብዬ ፖስታውን አሸግኩላቸው።

ስለ ምርጫ ሕግ ያነበብኩትን ሁሉ አውቅ ነበር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሳጥኑ የት የት እንዳለ። አንድ ሰው ፊርማውን ሲጠይቀኝ ግን አይዲውን አሳዩኝ ማለት አልመጣልኝም።

ኦገስት 15፣ ሐሙስ ቀን፣ እማማ እንደገና መጡ። ፍልሰታ ስለነበር ከቅዳሴ ወጥተው ነው የመጡት፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። ሰላምታው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። "ልጄ፣ በሩን ዝጊው" አሉኝ። ዘጋሁት። ከዳዊታቸው መሐል አራት የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ።

ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) የምርጫ ቢሮ የመጣ ነበር። በፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አልተመሳሰለም ይላል። ድምፃቸው እንዲቆጠር ፎርሙን ሞልተው እንዲመልሱ ይጠይቃል። አብሮት የሚፈረም ወረቀት አለ።

"ሐሰተኛ አሉኝ" አሉ እማማ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። "ዜግነቴን ይነጥቁኛል?"

ደብዳቤው ከደረሳቸው አምስት ቀን ሆኖታል። አምስት ቀን ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸውም አልነገሩም። ከጎረቤት ልጅ "ፊርማ" የምትለዋን ቃል ብቻ አስተርጉመው፣ የቀረውን በፍርሃት ሞልተውት፣ ዳዊቱ ውስጥ ደብቀው ሲጸልዩ ነው የሰነበቱት።

መጀመሪያ ማንም ሐሰተኛ እንዳላላቸው፣ ደብዳቤው ክስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ አይዲያቸውን ጠየቅኩ። ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ከፎቶው ሥር ያለችው ፊርማ የአማርኛ ነበረች። የመጀመሪያዋ ፊደል ከፍ ብላ፣ የመጨረሻዋ ወደ ግራ የተመለሰ ረጅም ጭራ አውጥታ። እኔ ካስጻፍኳቸው ሰባት የላቲን ፊደላት ጋር ምንም የሚያገናኛት ነገር የለም። ካውንቲው ያደረገው ትክክል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ማንም ሰው የአንድ ሰው ናቸው አይልም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "ይህችን ፊርማ ነበር መፈረም የነበረብዎት።"

ያኔ ነው የነገሩኝ። እስከ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ድረስ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሳቸውም ማታ ማታ ገብተው ተማሩ። መጀመሪያ የጻፉት ስማቸውን ነው። ያቺን ጭራ ያስተማራቸው ዘማች ተማሪ ነበር፤ "ፊርማ ማለት እንደዚህ ነው፣ ሌላ ሰው የማይሠራት ነገር ይኑርባት" ብሎ። "ከዚያ ወዲህ ቀበሌም፣ ባንክም፣ ኤምባሲም የፈረምኩት በሷ ነው" አሉ። "አንቺ በእንግሊዝኛ ስትይኝ፣ አሜሪካ ሕጉ ይህ ነው ብዬ ነው።"

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም።

የቀረው ጊዜ አጭር ነበር። በስቴቱ ሕግ ካውንቲዎች ፕራይመሪውን የሚያጸድቁት ከምርጫው 14 ቀን በኋላ ነው፤ ያ ማለት ኦገስት 20። የፊርማ ችግር ያለበት ሰው ከዚያ በፊት ባለው ቀን መጨረስ አለበት። ሰኞ ማለት ነው። በመሐል ቅዳሜና እሑድ አለ። ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ፤ ስፒከር ላይ አድርጌው እማማም ሰሙ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አስረዳችን። እማማም በጥያቄ አላሳረፏትም። ሦስት ጊዜ "ዜግነቴን አይነካም?" ብለው ጠየቁ፣ ሦስቱንም ጊዜ "አይነካም" አለች።

አርብ ጠዋት በእኔ መኪና ሬንተን ወዳለው የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ሄድን። ፎርሙን እዚያው ሞሉ፣ ፈረሙ። ሩብ ሰዓትም አልሞላም። በነጋታው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ስፈትሽ የእማማ ድምፅ "ተቀባይነት አግኝቷል" ይላል። ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ልጃቸው ደግሞ ደውሎ "እናቴ ፎቶውን ለሰፈሩ ሁሉ አሳየችው" አለኝ።

የእማማ ነገር በዚህ አለቀ። ቢሮ ውስጥ ግን አላለቀም። ያን ሰሞን ፖስታ ያሸግንላቸው ሰዎች ሰላሳ ያህል ይሆናሉ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዝርዝሩን ተካፍለን አርብ ከሰዓት ሁሉንም ደወልንላቸው። የድምፃቸውን ሁኔታ አብረናቸው ኦንላይን አየን። ሁለት ቤት ችግር አገኘን። አንዱ የራይድ ሾፌር ነው፤ የመኪናው ቦኔት ላይ አድርጎ በጥድፊያ የጫረው ፊርማ አይዲው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ሌሎቹ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሞልተው፣ ፖስታ ተለዋውጠው እሱ በእሷ ላይ እሷም በእሱ ላይ ፈርመዋል። ደብዳቤው ለሁሉም ደርሷቸዋል። ሾፌሩ ማስታወቂያ መስሎት ከፒዛ ኩፖን ጋር ጥሎታል።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የስቴቱ ኦዲተር ቢሮ በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በ2020 ምርጫ የጥቁር መራጮች ድምፅ ውድቅ የተደረገበት መጠን ከነጮቹ አራት እጥፍ ነበር። ኦዲተሮቹ የካውንቲ ሠራተኞች ሆን ብለው አድልተዋል የሚል ማስረጃ አላገኙም። ብዙው የፊርማ ጉዳይ ነው። ወጣቶችም ይበዙበታል፤ ፊርማቸው ገና አልረጋም። ፊርማችን በሁለት ፊደል መካከል የሚዋልል እኛስ?

አንዳንድ ሰው "አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል፣ ይኼን ያህል ምን አስሮጣችሁ?" ይለኛል። በዚሁ በእማማ ፕራይመሪ ለስቴቱ የሕዝብ መሬት ኮሚሽነርነት የተወዳደሩ ነበሩ። ብዙ ሰው ስለ ወንበሩ ሰምቶም አያውቅም፤ የስቴቱን ደን የሚያስተዳድርና የሰደድ እሳት የሚከላከል መሥሪያ ቤት የሚመራ ነው። እዚህ ስቴት ከፕራይመሪው ወደ ኖቬምበር የሚያልፉት፣ ፓርቲያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙ ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በ51 ድምፅ ተለያዩ። በመላው ስቴት በእጅ እንደገና ሲቆጠር ልዩነቱ 49 ሆነ። የተሰጠው ድምፅ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነው! ሁለተኛ ወጥቶ ያለፈው ዴቭ አፕቴግሮቭ በኖቬምበር አሸንፎ ኮሚሽነር ሆነ። በ2004ም የስቴቱ ገዢ ምርጫ በእጅ ቆጠራ በ129 ድምፅ ነው ያለቀው። በዚያ ቆጠራ መሐል፣ ፊርማቸው ኮምፒውተር ውስጥ ስላልተገኘ ብቻ በስህተት የተጣሉ ከ500 በላይ የእኛው የኪንግ ካውንቲ ድምፆች ተገኝተዋል። ከተጣለባቸው አንዱ የካውንቲው ምክር ቤት አባል ነበር።

አሁን ቢሮ ውስጥ አሠራራችን ተለውጧል። ፖስታ ይዞ የመጣን ሰው እስክሪብቶ ከመስጠታችን በፊት አይዲ እናስወጣለን። ጠረጴዛው ላይ ከፖስታው ጎን እናስቀምጠዋለን። "ፊርማዎ ይህች ናት፤ እንደሷ ይፈርሙ" እንላለን። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱ ጨርሶ አሽጎ ነው ሌላው የሚጀምረው። እጁ የሚንቀጠቀጥና መፈረም የማይችል ሰው ካለ፣ ምልክት አድርጎ ሁለት ምስክር ቢፈርምለት ሕጉ ይቀበላል። አይዲው ከወጣ በኋላ ፊርማውን የለወጠ ሰው ካለ ደግሞ ምዝገባውን ቀድመን እናሳድሳለን። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደውለን ድምፁ መግባቱን እናያለን። ከምርጫ ቢሮ ደብዳቤ ከመጣ በዚያው ቀን እንዲያመጡልን እንነግራቸዋለን፣ ፈርተውም ቢሆን።

በኦክቶበር መጨረሻ እማማ የኖቬምበሩን ፖስታ ይዘው መጡ። አይዲያቸውን ሳልጠይቃቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መነጽራቸውን አድርገው ዞር እንድልላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሲጠሩኝ ፖስታው ታሽጓል። ከጀርባው የመጀመሪያዋ ፊደል ከፍ ብላለች፤ የመጨረሻዋ ጭራዋን ወደ ግራ መልሳ ከመስመሩ አልፋለች።

"ሳጥኑ ጋ ውሰጂኝ እንጂ ራሴ ነኝ የምከተው" አሉኝ።